ግብረ ገብ 97 ያመጣው ልጅ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው፣ የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ 5ኛ ክፍል። ጎበዝ ነው፤ ደረጃው ከ3ኛ ወርዶ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስጠኚ ይመጣለታል፣ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያጠናል። በቀደም ካርዱን ስናይ ግብረ ገብ 97 አምጥቷል። ደስ ብሎን ሳንጨርስ፣ በዚያው ሳምንት ቤታችን የምትሠራውን ልጅ ውሃ ጠይቋት ስትዘገይበት 'ታዲያ ደሞዝ የሚከፈልሽ ለምንድነው?' ሲላት ሰማሁት። ክው ነው ያልኩት። ይቅርታ ጠይቃት ብዬ ጮህኩበት። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ 'ይቅርታ' አለና ክፍሉ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኮንፊሽየስና ስለ ምሥራቅ ፈላስፎች ብዙ ቪዲዮ አየሁ። ልጅን በእውቀት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰው አድርጎ ስለማሳደግ የሚሉት ልቤን ነካው። ስለዚህ ማታ ማታ ከጥናት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሥነ ምግባር ትምህርት ላስተምረው ነው። ደብተርም ገዝቻለሁ፤ ጥሩ ሲሠራ ነጥብ እጨምርለታለሁ፣ ሲያጠፋ እቀንሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ እንጨት ሥራ ቤት መዋል ይወዳል፤ ጊዜ እንዳያባክን እሱን አስቀርቼ ንባብ ላደርገው አስቤያለሁ። ባለቤቴ 'የቻይና ተረት ምን ሊያደርግልን ነው' እያለ ይስቅብኛል። በየትኛው መጽሐፍ ልጀምርለት?

የጨነቃት እናት»

መልስ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብተሩን ለአስቤዛ ሂሳብ ያውሉት። እየቀለድኩ አይደለም። እነዚያ በቪዲዮ ያዩዋቸው ሰዎች ዛሬ ሳሎንዎ መጥተው ቢቀመጡ፣ መጀመሪያ ይቅርብዎ የሚሉት ያንን የማታ ትምህርት ይመስለኛል።

ጭንቀትዎ ግን የእውነት ነው። በጣም የቆየ ጭንቀትም ነው። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ አለ። በ12 ዓመቱ ወደ መምህር ቤት ተላከ። ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ተምሮ በ24 ዓመቱ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ልቡ አብጧል፤ ከእኔ በላይ ማን ተማረ ባይ ሆኗል። አባቱ ኡዳላካ ይህን አየ። አልሰደበውም፣ አልመከረውም። ልጁ ሊመልስ የማይችለውን አንድ ጥያቄ ጠየቀው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ማታ ጨው ውሃ ውስጥ እንዲጨምር አዘዘው። ሲነጋ «በል ያንን ጨው አምጣልኝ» አለው። ጨው የለም። ከላይ ቅመሰው፣ ከመሃል ቅመሰው፣ ከሥር ቅመሰው። ሁሉም ጋ ጨው ነው። ትምህርቱ ዓይን ስለማያየው የነገር ሁሉ ሥር ነው፣ ጥልቅ ነው፤ እኔ የወደድኩት ግን አሰጣጡን ነው። 12 ዓመት ሙሉ በጆሮው ብቻ ሲማር የኖረን ልጅ አባቱ በምላሱ አስተማረው።

ወደ 97ቷ ልመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ሹንዚ ልክ እርስዎን ያስደነገጠዎትን ነገር ጽፎታል። የትንሽ ሰው ትምህርት በጆሮ ይገባና በአፍ ይወጣል ይላል። በጆሮና በአፍ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አራት ጣት ቢሆን ነው፤ ታዲያ ከራስ እስከ እግር ያለውን ሰውዬ እንዴት አድርጎ ያሳምረዋል? ልጅዎ «ታላላቆችህን አክብር» የሚለውን በጆሮው ሰማ፣ በእስክሪብቶው መለሰ፣ 97 አገኘ። ግብረ ገብ በትምህርት ቤት መሰጠቱን እየተቃወምኩ አይደለም። ግን ወረቀቱ የለካው ያችን አራት ጣት ነው።

ቻይናዎቹ ራሳቸው በዚህ ጉድጓድ ወድቀዋል፤ ያውም ለረጅም ጊዜ። ኮንፊሽየስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 ነው። ሲያስተምር ፈተና የለው፣ ካርድ የለው። አንድ እስር ቋንጣ ይዞ የመጣን ሰው ሳላስተምር መልሼ አላውቅም ይላል። (ቋንጣ የምትለዋ ላይ ስደርስ ፈገግ ሳልል አላልፍም።) በ1313 ግን፣ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሞንጎሎቹ ቤተ መንግሥት የሹመት ፈተና በአራቱ የኮንፊሽየስ ወገን መጻሕፍትና ዡ ሺ የተባለው ሊቅ በጻፈላቸው ማብራሪያ ላይ ይመሥረት ብሎ አዘዘ። ይህ አካሄድ እስከ 1905 ዘለቀ። ስለ ቸርነትና ስለ ታማኝነት የሚያወራው መጽሐፍ የሹመት መሰላል ሆነ። ከዚያስ? የቅዱሳኑን ቃል በውስጥ ልብሳቸው ላይ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ጽሑፍ ጽፈው ፈተና የሚገቡ መጡ። እንዲህ ያሉት ልብሶች ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አሉ። የሐቀኝነትን ፈተና ኮርጆ ማለፍ ማለት ይህ ነው። ለጥሩነት ነጥብ ልስጥ ያሉትን ደብተር ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ልብስ ነው።

በዚህ ነገር የተበሳጨ ሰው ደግሞ አለ። ዋንግ ያንግሚንግ ይባላል፣ ከ1472 እስከ 1529 የኖረ ባለሥልጣንና ፈላስፋ። በ1518 ገደማ ጂያንግሺ በሚባለው የቻይና ግዛት ደቡብ ሹም ሳለ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች አቋቋመና ለአስተማሪዎቹ መመሪያ ጻፈ። በዘመኑ ያለውን አስተማሪ ሲገልጽ አይምርም። ቀኑን ሙሉ ማስነበብና የፈተና ልምምድ፣ ዱላና እስር። ልጆቹ ትምህርት ቤቱን እንደ ወህኒ ያዩታል፣ መግባት አይፈልጉም፤ አስተማሪያቸውን እንደ ጠላት ያዩታል፣ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም ይላል። ከዚያ ተደብቀው ጨዋታቸውን ለማግኘት መዋሸት ይለምዳሉ። እሱ ያዘዘው መዝሙር፣ ሥርዓትና ንባብ ነው። መዝሙሩ ጩኸታቸውንና ዝላያቸውን የሚያወጡበት ነው፤ ሥርዓቱ እየሰገዱና እየተነሡ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት። ደግሞ እንዲህ የሚል መመሪያ አለው፦ 200 ፊደል መያዝ ለሚችል ልጅ 100 ብቻ አስተምሩት። ጉልበት ይትረፈው። የተረፈው ልጅ አይሰለችም፣ በራሱ የማግኘትንም ደስታ ያያል።

እርስዎ ደግሞ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሲያጠና ለቆየ የ11 ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ሊጨምሩበት ነው። እህቴ፣ ይህ ልጅ መቼ ነው ልጅ የሚሆነው? የአስጠኚውን ቀን በግማሽ ይቀንሱት። ደረጃው 5ኛ ቢሆን ሰማይ አይወድቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከኮንፊሽየስ በኋላ ትልቁ ስም ሜንሲየስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ። ደቀ መዝሙሩ ጎንግሱን ቾው አንድ ቀን «ጨዋ ሰው የገዛ ልጁን የማያስተምረው ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀው። ሜንሲየስ ነገሩ አያስኬድም አለ። የሚያስተምር ሰው ትክክለኛውን ነው የሚያስተምረው። ልጁ አልሰማ ሲል ይቆጣል። ሲቆጣ ይጎዳዋል። ልጁም በሆዱ «ትክክለኛውን ሥራ ይለኛል፤ እሱ ራሱ መቼ ሠራውና?» ይላል። አሁን ሁለቱም ተጎዱ። ስለዚህ የድሮ ሰዎች ልጆቻቸውን ይለዋወጡ ነበር፤ ያንዱን ልጅ ሌላው ያስተምረዋል። በአባትና በልጅ መካከል «ጥሩ ሁን፣ ጥሩ ሁን» እያሉ መወቃቀስ አይገባም፣ ያራርቃል፤ ከመራራቅ የከፋ ነገር የለም ይላል።

ይህን ሳነብ የእርስዎ ደብተር ነው የታየኝ። ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥፋቱን ሲቆጥሩለት፣ ልጁ ደግሞ የእርስዎን ጥፋት መቁጠር ይጀምራል። የልጅ ዓይን ሹል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቀየሙኝ። «ደሞዝ የሚከፈልሽ ለምንድነው?» የሚለውን ከየት ሰማው? የ11 ዓመት ልጅ ስለ ደሞዝ ከራሱ አይፈለስፍም። ከእርስዎ ላይሆን ይችላል። ከአባቱ፣ ከጎረቤት፣ ከፊልም፣ ከክፍል ጓደኛው ሊሆን ይችላል። የሜንሲየስን እናት ታሪክ ቪዲዮዎቹ ላይ ሳያዩት አልቀሩም። መቃብር አጠገብ ሲኖሩ ልጁ ቀብር ቀብር ተጫወተ። ገበያ አጠገብ ሲሄዱ ሽያጭ ሽያጭ ተጫወተ። ትምህርት ቤት አጠገብ ሲገቡ የሥርዓቱን ሰላምታ መጫወት ጀመረ፤ እዚያ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሲያወራ ቤት መቀየሯን ነው የሚያደንቀው። እኔ የምደነቀው በሌላ ነው። ሴትዮዋ ልጇን «ቀብር አትጫወት» ብላ አልተቆጣችም። ምን እያየ እንደሚውል አየች።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ልጁን ይተዉትና ቤቱን ያዳምጡ። ሠራተኛችሁ በምን ስም ትጠራለች? «እባክሽ» ትባላለች ወይስ እጅ ይጨበጨብላታል? ምሳዋን የምትበላው መቼና የት ነው? ለልጁ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ብዙ ነገር እዚህ ጋ ታገኛላችሁ።

ስለ ይቅርታው። ግድግዳውን አይቶ ያላት ይቅርታ ይቅርታ አይደለችም፤ እርስዎም ያውቁታል። ኮንፊሽየስ «ሥርዓት ሥርዓት ስንል ጌጥና ሐር ማለታችን ነውን? ሙዚቃ ሙዚቃ ስንል ደወልና ከበሮ ማለታችን ነውን?» ይላል። እንደገና ግን አያስገድዱት። መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ሄደው ልጅቷን «እኔ ቤት ውስጥ እንዲህ ተብለሻል፣ አዝናለሁ» ይበሏት። ልጁ ካየ አየ፣ ካላየም ግድ የለም።

ከዚያ ሥርዓቱን ያምጡ። እዚህ ጋ ባለቤትዎ መሳቅ ያቆማሉ ብዬ አስባለሁ፤ የቻይና ዕቃ መግዛት አያስፈልግምና። ኮንፊሽየስ ሥርዓት የሚለው ነገር እኛ ጋ ሞልቷል። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ እጅ የሚያስታጥበው ልጅዎ ይሁን። ማስታጠቢያውን ይያዝ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ያድርግ። በዕድሜ ቅደም ተከተል ይዙር፤ ሠራተኛችሁም ጋ ይድረስ፣ እሷም ተቀምጣ ትታጠብ። መጀመሪያ ቀን ታፍራለች፣ እሱም ያፍራል። ውሃው ይፈስሳል፣ ምንጣፉ ይረጥባል። ምንም አይበሉ። «አየህ፣ ትሕትና ማለት ይህ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ ዋጥ ያድርጓት። ስሟን ብቻ ከሚጮህም «እቴ» ብሎ ይጥራት፤ ይህንንም መጀመሪያ ከአባቱ አፍ ይስማው።

ቅዳሜውን አይንኩበት። በዚህ ላይ አልደራደርም። በኮንፊሽየስ ዘመን የተማረ ሰው የሚባለው ስድስት ጥበብ ያወቀ ነው፦ ሥርዓት፣ ሙዚቃ፣ ቀስት ውርወራ፣ ሠረገላ መንዳት፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ። ይቁጠሩት፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚማሩት ስንቱን ነው? ቀስተኛ ሲስት ነፋሱን ቢረግም ዋጋ የለውም፤ ወደ ራሱ ተመልሶ አቋሙን ማየት አለበት። ይህን ከደብተር መማር አይቻልም። ከእንጨት ግን ይቻላል። ልጁ ጣውላ ለክቶ ሲቆርጥ ካጠረ አጠረ፤ አስተማሪውን አባብሎ ነጥብ አያስጨምርም። አጎቱም አባቱ አይደለም፣ እናቱም አይደለም። የጥንት ሰዎች ልጅ ይለዋወጡ ነበር የተባለውን እርስዎ ሳያውቁት በቤትዎ አግኝተውት ነበር፣ ሊያስቀሩት ሲሉ ደረስኩ። ወንድምዎን አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፦ ልጁን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ይያዙት፤ መጥረግም፣ ለታላላቆቹ ሠራተኞች ሻይ ማምጣትም ይኑርበት።

ደግሞ ልጅዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያስቡ። ሁለት ደቀ መዛሙርት ኮንፊሽየስን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁት፦ «የሰማሁትን ወዲያው ልሥራው?» ዚሉ ለሚባለው «አባትህና ወንድምህ እያሉ እንዴት ብለህ» አለው። ራን ዮው ለሚባለው «አዎ፣ ወዲያው» አለው። ሁለቱንም መልስ የሰማ ሦስተኛ ደቀ መዝሙር ግራ ገባው። ኮንፊሽየስም ራን ዮው ወደኋላ ይላል፣ ስለዚህ ገፋሁት፤ ዚሉ የሁለት ሰው ጉልበት አለው፣ ስለዚህ ያዝኩት አለ። የእርስዎ ልጅ ከደብዳቤው እንደማየው ዚሉ ነው። ፈጣን ነው፣ መቅደም ለምዷል፣ አፉም ይቀድማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነጥብ ከሰጡት ይሽቀዳደምበታል። ትሕትናንም በሁለት ሳምንት 97 ያመጣባታል።

ታዲያ ዝም ልበለው? አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ስለ አንድ ነገር፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ ያነጋግሩት። ለዚህ የምወደው ምሳሌ ቡድሃ ልጁን ራሁላን ያነጋገረበት ነው። ሜንሲየስ አባት አያስተምር ይላል፣ ሕንዶቹ ደግሞ አባት ሲያስተምር ያሳያሉ፤ «የምሥራቅ ፍልስፍና» ብለን አንድ ላይ ብንጠራቸውም እርስ በርስ የማይስማሙበት ብዙ ነው። ራሁላ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር ይባላል። አባቱ ሲመጣ መቀመጫ አዘጋጀለት፣ የእግር ውሃ አቀረበለት። ቡድሃ እግሩን ታጠበና ዕቃው ውስጥ ጥቂት ውሃ አስቀረ። «ይህችን ትንሽ ውሃ ታያታለህ? እያወቀ ሲዋሽ የማያፍር ሰው ያለው መልካምነት ይህችን ታክላለች» አለው። ውሃውን ደፋው፤ ዕቃውን ገለበጠው፤ ባዶውን አሳየው። ከዚያ «መስተዋት ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀው። ለማየት። እንግዲያው በእጅህም፣ በአፍህም፣ በሐሳብህም የምታደርገውን ከማድረግህ በፊት፣ እያደረግክ ሳለህ፣ ካደረግክም በኋላ እየው፤ አንተን ወይም ሌላውን ይጎዳ እንደሆነ እየው አለው።

ሲያዩት አጭር ነው። ዕቃው እዚያው የነበረ ነው፣ ውሃውም ልጁ ራሱ ያመጣው ነው። እርስዎም መንገድ ላይ ስትሄዱ ወይ ልብስ ስታጥፉ ያንን ቀን ያንሱለት። «ከመናገርህ በፊት ምን አሰብክ? ስትናገር ፊቷ ምን ሆነ? ከዚያ በኋላስ አንተ ምን ተሰማህ?» ይበሉት። መልሱን እርስዎ አይሙሉለት። «አላውቅም» ካለ አላውቅምን ይቀበሉት፤ በሚቀጥለው ወር ሊያውቀው ይችላል።

ስለጮኹበት ደግሞ ራስዎን አይብሉ። ኮንፊሽየስም አንድ ደቀ መዝሙሩን በቀን ተኝቶ ቢያገኘው «የበሰበሰ እንጨት አይቀረጽም» ብሎ ቀልቡን ገፎታል። እኔ የሰውዬውን ነገር ሁሉ አልቀበልም። ደቀ መዛሙርቱ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ በስሙ የተስፋፋው የመታዘዝ ትምህርትም ብዙ ልጅና ብዙ ሚስት አንገት አስደፍቷል። ቪዲዮ ላይ «ኮንፊሽየስ እንዳለው» ተብሎ የሚወራውም ብዙው እሱ ያላለው ነው።

መጽሐፍ ለጠየቁኝ፦ ለልጁ ምንም። ለራስዎ ግን የኮንፊሽየስን ንግግሮች (በእንግሊዝኛ Analects የሚባለውን) ያንብቡ፤ 20 አጫጭር ክፍሎች ናቸው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ካልሆነ የጄምስ ሌግ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። በ16ኛው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የኮንፊሽየስን ልጅ «አባትህ ለአንተ ለብቻህ የሚያስተምርህ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቅበትን ቦታ ይፈልጉት። ልጁ የሚያስታውሰው ግቢ ውስጥ ሲያልፍ አባቱ ያስቆመበትን ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንድ ቀን «ግጥሞቹን ተማርክ?» አለኝ፣ ሌላ ቀን «ሥርዓቱን ተማርክ?» አለኝ፣ ሄጄ ተማርኩ፣ በቃ። የዓለም ትልቁ አስተማሪ ልጅ የሚያነሣው ይኸው ነው።

ባለቤትዎን አይከራከሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ወደ አጎቱ የሚያደርሱት እሳቸው ይሁኑ፤ ከተመቻቸውም እዚያው ይቆዩና ጣውላውን በአንድ ጫፍ ይያዙለት።